የመርከቡ ጠርዝ

ቀኑን የበግ ጠጉር ስመዝን እውልና፣
እጄ ቅባት ጠጥቶ፣ ሹራቤ በግ በግ እንደሸተተ ገና፣
ማታ በአንድ ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሬ
ከላ ቴሃ ሰፈር ወደቡ ጋ ወርጄ፣
ንግድ እማራለሁ፣ በአርባ ዓመቴ ዛሬ።

ሞንቴቪዴዮ ነው። ነሐሴ፤ የብርድ ወር።
የደቡቡ ንፋስ መስኮት ይደበድባል፣ እንዳላገኘው አበዳሪ፣ ደጅ ሲያድር።
የመንግሥት የሙያ ትምህርት ቤት ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፤
ከባልዲው በላይ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል፣
ጠብታው ሲፈናጠር ውቅያኖሱን ያርሳል።

ኦስቫልዶ አለ፣ ከሥጋ ፋብሪካ የተቀነሰው፣
ኮቱን የማያወልቅ፣ ብርድ ይሁን ኩራት ያልለየለት ሰው።
አጠገቤ ዙሌማ፣ ቅርንጫፍ መምራት የምትመኝ፣
ከጠረጴዛው ሥር፣ በስልክ፣
ልጇን በሹክሹክታ የምታስተኛ፣
"ዝም በል፣ ተኛ፣ መጣሁ" የምትል፣ ለእሱም ለእኛም።

መምህራችን ዶን ዋልዴማር፣ የጉምሩክ አስተላላፊ የነበር፣
ጠመኔ እንደ ሲጋራ ይዞ፣ ሳይለኩሰው የሚያድር።
"ሥራ አመራር" አለን በመጀመሪያው ቀን፣
"ወንበር ማሽከርከር አይደለም። አደጋው የት ጋ
ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ ማወቅ ነው።" አልን፤ ጻፍን።

"ባንክ ዕቃ አያይም፤ ወረቀት ነው የሚያይ፤
አንዲት ነጥብ ብትስቱ፣
የአንድ መርከብ ጠጉር ይቀራል ሜዳ ላይ።"

ደግሞ አንድ ማክሰኞ፣ ኤፍ ኦ ቢ ብሎ ጻፈ።
"ዱሮ" አለ፣ "የመርከቡ ጠርዝ ነበረ ድንበሩ፤
ሳጥኑ ጠርዙን ባለፈባት ቅጽበት፣ ተንጠልጥሎ በአየሩ፣
የሻጭ የነበረው ጣጣ የገዢ ይሆናል።
በዚያች ክር በምታህል መስመር
ዕዳ ዜግነቱን ይቀይራል።
እንግዲህ ንገሩኝ። ገመዱ ቢበጠስ፣
ሳጥኑ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ሲደርስ፣
ኪሳራው የማን ነው?"

ኦስቫልዶ "የሻጭ!" አለ። ዙሌማ "የገዢ!"
ክርክሩ ጦፈ፣ ጠፋ አስታራቂ ዳኛ፤
እኔ ግን ዝም አልኩ።
ያንን ሳጥን አውቀዋለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ቁጥር ሦስት መጋዘን።
አባቴ ከሥሩ ቆሞ፣ ቀና ብሎ፣
እጁን እያውለበለበ
"ቀስ! ቀስ! ዝቅ!" ይል ነበር።
የወደቀው ቆዳ ነው፣ ወደ ጄኖቫ የሚሄድ።
ኢንሹራንሱ ተከፈለ፤ በወሩ፤ ሙሉ በሙሉ፤
ለቆዳው።
ለእናቴ አንድ ጆንያ ሩዝ ላኩላት፣ የእጅ ጓንቱንም፤
የግራውን ብቻ።

እጄን አወጣሁ። "ከሥሩ ሰው ቢኖርስ?"
ክርክሩ ቆመ።
ባልዲው ውስጥ ጠብ አለ። ጠብ።
ዶን ዋልዴማር ጠመኔውን እያየ
"እሱ" አለ፣ "ሌላ ትምህርት ነው፤
በዚህኛው መጽሐፍ የለም።"
ሰሌዳውንም አጠፋ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ።

ፈተናው ኅዳር ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሲጀምር።
አራተኛው ጥያቄ ያው የገመዱ ነገር።
መልሱን በደንብ ጻፍኩ፦ ሕጉ ተሻሽሏል፣
ዛሬ ዕቃው መርከቡ ላይ ሲያርፍ ነው ኃላፊነት የሚያልፍ፣ እያልኩ በዝርዝር።
ከዚያ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ማንም ያልጠየቀኝን፦
"አለቃ ብሆን፣ ከመፈረሜ በፊት
ወርጄ አያለሁ፣ ከክሬኑ ሥር የቆመውን።"

ወረቀቱ ተመለሰ፤ ከመቶ ሰማንያ ስምንት።
በቀይ፣ ከመስመሬ ጎን፦ "ከጥያቄው ውጭ። ሲቀነስ ሁለት።"
ከቀዩ በታች ግን፣ በእርሳስ፣ እጅ እንደፈራ፣
ልጥፋ አልጥፋ እያለ የተጻፈ ሌላ ተራ፦

"ቁጥር ሦስት መጋዘን?
አባትሽ ማን ይባል ነበር?"

የመጋዘኑን ቁጥር ለማንም አልነገርኩም።
ለዙሌማም። ለባሌም።

አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤
መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መንገዱ ጎርበጥባጣ፤
ኡባልዶ ፌሬይራ ብዬ ስሙን ጻፍኩት፣
ለባንክ እንደሚቀርብ ሰነድ፣
አንዲት ነጥብ ሳልስት።