የተከበሩት የኖርዌይ ልዑክ

አርባ ሁለት ገፅ ነው መመሪያው።
ከሮላ አደባባይ ማዶ፣ ባሺር ሱቅ አሳተምነው፤
ሁለቱን ገፅ «ለልጅቷ» ብሎ ማረን።
ስቴፕለሩ እምቢ ቢል፣ ቤት ወስደን በመርፌ ሰፋን።

ለነጃት በዕጣ ኖርዌይ ደረሳት።
አገር ቤት በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤
ሻርጃ ላይ፣ ኤሲው በሞተበት ክፍል፣
ግንባሯን እያበሰች ስለ በረዶ ታጠናለች።
እናቷ ሳቀች፦ «ምነው፣ የሚቀርብ አገር አጡ?»

ኮት ይላል መመሪያው። ጥቁር ወይ ሰማያዊ፣ የተተኮሰ።
ቤታችን ያለው ኮት አንድ ነው፤
የጥበቃ ኮቴ፣ ደረቱ ላይ የኩባንያው ዓርማ ያለበት።
ዘምዘም ምላጭ አወጣች፤
የቁስል ክር እንደሚፈታ ሐኪም
አንድ በአንድ ፈታችው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈችው።
ዓርማው የነበረበት ግን ከቀረው ጨርቅ ይልቅ ጠቆረ፤
አስራ አራት ዓመት ፀሐይ ያላገኘው።
«አይታይም» አለች ነጃት።
ይታያል።

ሌሊቱን ሊቀመንበር ሆንኩ፤
ጠረጴዛውን በማንኪያ መታሁ፦
«የተከበሩት የኖርዌይ ልዑክ፣ ስልሳ ሰከንድ አለዎት!»
ልጄን አንቱ ስል ምላሴ ተሳሰረ፤
ደግሞ ጣመው።
«ኖርዌይ ታምናለች…» ትላለች፣ «ኖርዌይ ታሳስባለች…»
አንዴ «እኔ እንደሚመስለኝ» ብላ ደነገጠች፤
ገፅ አስራ ሰባትን ገልጣ ራሷን ገሰጸች፦
«ልዑክ እኔ አይልም።»

ይህንስ አውቀዋለሁ፣ አልኩ በሆዴ።
በር ላይ የቆመ ሰው ምን እኔ አለው?
«ሴኪዩሪቲ!» ይሉታል፤ አቤት ይላል።

ግን ገፅ ሃያ ሦስት!
ያችን ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት።
አዳራሹ ቢሞቅ፣ ድምፅ ባይሰማ፣
ልዑክ እጁን ያነሳል፤ የግል ምቾት ጥያቄ ይባላል፤
ሊቀመንበሩም መስማት ግዴታው ነው።
«ግዴታው ነው ይላል?»
«ግዴታው ነው ይላል፣ አባዬ።»
በአስራ አራት ሐምሌ የጥበቃ ቤቱ ማራገቢያ ስንቴ ቆመ፤
እጅ እንደሚነሳ የነገረኝ የለም።

ጉባኤው ቅዳሜ ዋለ። ተራዬ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።
አስራ አንድ ተኩል ሲል እያለከለከች ደረሰች፤
ዘምዘም መርፌዋን ይዛ በር ላይ።
«ረታችሁ?»
«አይረታም እኮ፣ አባዬ። ይስማማሉ እንጂ።»
«ተስማማችሁ?»
«በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ስንጣላ ሰዓቱ አለቀ።»
ዓርማው ተመለሰ። ትንሽ ዘመመ።
ኮቱ ከነሙቀቷ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

እኩለ ሌሊት ግድም ኪሱ ውስጥ እጄ ወረቀት ነካ፤
አራት ጊዜ የታጠፈ።
«ለኖርዌይ፣ ከቺሊ፦ ኮትሽ ያምራል። የት ተገዛ?»
በአማርኛ! ቺሊ ለካ የኛው ልጅ ናት፣
ገፅ ስድስት የከለከለውን ቋንቋ የምትጽፍ።
ከስሩ የነጃት እጅ፦ «ልዑኳ ይህንን ለመግለጽ…»
ተሰርዟል።
ቀጥሎ፣ ጫን ብላ፦
«የአባቴ ነው።»

ቴ።
በአንዲት ፊደል ገፅ አስራ ሰባት ተጣሰ።

ወረቀቱን እንዳጣጠፉ አጥፌ ከዓርማው ኋላ ከተትኩት።
መኪና መጣ፤ በሩን ከፈትኩ።
ማራገቢያው ዛሬም ቆሟል።
እጄን አነሳሁ፤
ለጊዜው፣ ላቤን ለመጥረግ።