ሦስት መደብ ሽንኩርት

ከባቡሩ ጋራዥ ጡረታ ስወጣ
የእጅ ሰዓት ሰጡኝ፤ በሳምንቱ ቆመ።
ዶማ ተበድሬ ወደ ጓሮ ብመጣ
መሬቱን ብመታው ዶማው ዶለዶመ።

የገንደቆሬ አፈር አሸዋ ከኖራ፣
ደቻቱ ሲሞላ ጥሎት የሚሄደው፤
የሰው ጫማ ቆፈርኩ፣ ጆሮ አልባ እንስራ፣
ከማን ቤት እንደሆን ጎርፉ የወሰደው።

ችግኝ ከቀፊራ ገዛሁ፣ ቦምቤ ቀይ፤
«ስንት መደብ?» አለች ኢፍቱ፣ ሻጯ ልጅ።
«ሦስት» ስል፣ «ውኃስ?» አለች፤ ሽቅብ ሰማዩን ባይ
ሳቋ ተከተለኝ እስከ ገበያው ደጅ።

ቧንቧዬ ናትና በአራት ቀን አንዴ
ሳል ይዟት የምትመጣ፣ ነጭ ኖራ ተፍታ፤
ለድስት፣ ለገላ አንሶ፣ «ለሽንኩርት ነው እንዴ?»
ጀሪካኑን አቅፋ፣ ልጄ፣ በሩን ዘግታ።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
በግንቡ ሥር በኩል፣ አይጥ በበሳው ጉድጓድ፣
ቀጭን ውኃ መጣ፣ ዝም ብሎ፣ በጥሞና፣
መደቤን ፈልጎ፣ እንደሚያውቅ መንገድ።

አዴ ደሃቦ ናት፣ ጎረቤቴ፤
ለሱብሂ ውዱእ ስታደርግ ነው።
ክርኗን ያጠበው፣ ፊቷን ያጠበው፣
ግንብ አያውቅምና ወደ እኔ ይወርዳል።

ከዚያ ወዲያ ሰዓቴን አላስጠገንኩም።
ሱብሂ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ፣
ውኃው ሲንሿሿ ተነስቼ
በእጄ ቦይ እቀዳለሁ፤
አንዱን ለዚህኛው መደብ፣ ሌላውን ለዚያ።
ሽንኩርቱ መጀመሪያ ፀጉር ነበር፤
ጣት አከለ፤
ኋላ እንደ ልጅ ጡጫ
አፈሩን ሰንጥቆ ትከሻውን አወጣ።

እሷ አልነገረችኝ። እኔም አልጠየቅኩ።
አንድ ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ባይ
የቀዳዳው አፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለታል፣
ከወዲያ በኩል።

በአራተኛው ወር ውኃው ቀረ።
ሱብሂ የለም። ዙህር የለም።
ቧንቧ ጠፍታ ይሆናል አልኩ።
መግሪብ ላይ ቀዳዳውን በጣቴ ዳበስኩት፤ ደረቅ።
ሽንኩርቱም በዚያው ሰሞን
አንዱ ባንዱ ላይ አንገቱን ደፋ።
«አንገቱን ሲደፋ ውኃ ይብቃው፣ ይበሰብስብሃል»
ብላኝ ነበር ኢፍቱ።
በቅቶታል። እኔ ነኝ ያልበቃኝ።

በሩን አንኳኳሁ።
አዴ ደሃቦ አልጋ ላይ ናት፣ እግሯ በሻሽ ተጠቅልሎ፤
ስኳር ነው፤ ሐኪሙ ውኃ የሚባል እንዳይነካት ብሏል።
«ሽንኩርትህን አስጠማሁት» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።
«ኧረ ደርሷል» አልኩ።
ጣሪያውን አየች። እኔም አየሁ።
«አፈር አለህ?»
«ምን?»
«አፈር። ንጹሕ፣ ፍግ ያልነካው።
ለታመመ ሰው አላህ በአፈር ፈቅዷል፤
መዳፍን መታ አድርጎ፣ ፊትን ማበስ፣ እጅን ማበስ።
የኔን ግቢ ልጆቼ ሲሚንቶ አልብሰውታል፣ እንደምታየው።»

ከጓሮው ጥግ፣ ፍግ ካልደረሰበት፣
ዘገንኩ፣ በወንፊት ነፋሁ፤
የጠርሙስ ስባሪ ለቀምኩ፣ የኖራ ጠጠር ለቀምኩ።
ያው ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው፣ ከማን ቤት እንደሆን።
በሸክላ ሳህን፣ በሁለት እጄ ይዤ
በትልቁ በር ዞሬ ገባሁ፣
በቀዳዳው አያልፍምና።

ሽንኩርቱ አሁን ጥላ ሥር ተሰጥቷል፣
ልብሱ ሲነካ ኮሽ ይላል።
አንድ ዘንቢል ለአዴ ደሃቦ ላክሁ፤
ልጄ ባዶውን ዘንቢልና መልእክት ይዛ ተመለሰች፦
«ትናንሽ ነው በይው። አጠጋግቶ ተክሎት ነው።»

ምን ላድርግ፤
ግቢው ጠባብ ነው።