ደም መላሽ

ሰው ቤት ይጠብቃል፣ ሰው ከብት ይጠብቃል፤
የእኔ ደመወዝ ግን ከብርድ ይወጣል።
ደርባን፣ ከባሕሩ ሽቅብ፣ ኮረብታው ላይ፣
ከማዕከሉ ምድር ቤት፣ ሰማይ ከማይታይ፣
ሃያ ሦስት ፍሪጆች ቆመው ያጉረመርማሉ፤
ከዜሮ ወዲያ ታች ሰማንያ ይላሉ።
በየሆዳቸው ውስጥ ጣት የምታህል ብልቃጥ፣
በየብልቃጧ ደም፣ በየደሙ ውስጥ ምጥ።
ስም የለም። ቁጥር ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤
ስም ከደም ሲለያይ ሐሜት ይበርዳል።

ከላይ ፎቅ ያለችው ዶክተር ናይዱ ደግሞ
ቫይረሱን ታድናለች፤ ጓዳ ገብቶ፣ ተጋድሞ፣
መድኃኒት ሲመጣ እንቅልፍ የሚያስመስል፣
ክኒን ያቋረጡ ለት ነቅቶ የሚቀጣጠል።
(ታድናለች ያልኩትን አጥብቁት፣ አላሉት፤
ሁለቱም ሥራዋ ነው፣ እንደፈለጋችሁ አንብቡት።)
ሾፌሩ ምሉንጊሲ ከየክሊኒኩ ደም ያመላልሳል፤
የበረዶ ሣጥኑን በመቀመጫ ቀበቶ እንደ ሕፃን ያስራል።
ቁጥር አዋቂው ክሉቴ ሰውን በመቶኛ ያያል፤
አንድ ሰው ሲጎድል ግን ምሳውን ይተዋል።

እኔ ብርዱን ብቻ። መብራት በፈረቃ
ጭልም ሲል፣ ጄኔሬተሩ ስሎ እስኪነቃ፣
ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ አንዳንዴም ዐሥራ አራት፤
መዳፌ በሩ ላይ፣ እንደ ልጅ ትኩሳት።

በየሦስት ወሩ፣ ሳንድዊችና ሻይ ቀርቦ፣
የመንደር ተወካይ ይሰማል ተሰብስቦ።
ጥናቱ የት ደረሰ? ገንዘቡስ? ደሙስ?
ዶክተሯ በስላይድ ታስረዳለች ቀስ በቀስ።
ባለፈው ግንቦት ግን ማንዙዛ ተነሡ፤
ምርኩዛቸውን ቀስረው ስላይዱን ወቀሱ፦
«ከእኔም ከልጄም ቀዳችሁ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
እሷ ክኒን ሳይደርስላት ገባች ከመሬቱ።
እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። ብዙ አልናገርም፤
ደሜን መልሱልኝ! ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ዝም አለ አዳራሹ። ናይዱ ተደናግጣ
የፈረሙትን ውል ከፋይሉ መርጣ፣
«መብት አለዎት እናቴ፤ ቢሹ ይሰረዛል፣
ናሙናው ይወጣል፣ በደንቡ ይጣላል...»

ማንዙዛ ሳቁባት። «አይ የተማረ ሰው!
ማን ጣሉት አለሽ? ማን ስጡኝ፣ ልውሰደው?
ሰው ልጁን ሲገድሉበት ‹ደሜን መልሱ› ሲል
ባልዲ ይዞ ነው እንዴ ሊቀዳ የሚውል?
ገዳዩን ነው የምልሽ! ዱካው የት ፈረሰ?
ማን አየው? ማን አለመ? ማንስ ተኮሰ?»

ክሉቴ ብዕሩን አኖረ። ናይዱ ስላይዱን አጠፋች።
«አይተነዋል» አለች። «ገና አልመታነውም» አለች።

ደንቡ አይፈቅድም፤ እኔ ግን ወሰድኳቸው ወደ ታች፤
ምርኩዛቸው ደረጃውን አንድ ባንድ እየቆጠረች።
ካፖርት አለበስኳቸው፣ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፤
«በሩ የሚከፈተው ለዐሥር ሰከንድ ነው፤ በፍጥነት።»
ከፈትኩ። ነጭ ጉም ወጣ፣ እግራችን ላይ ፈሰሰ፤
የበረዶ አቧራ ቅንድባቸውን አለበሰ።
የትኛው ነው አላሉም። እኔም አላውቀውም፤
ቁጥርን ከስም የሚያጋባ ቁልፍ በእጄ የለም።
እሳቸው ግን የጎሣውን ውዳሴ፣ የቅድመ አያቶቹን ስም፣
ለብልቃጡ ሁሉ ጠሩ፤ የእኔ ነው፣ የሰው ነው ሳይሉም።
ስምንት። ዘጠኝ። ዐሥር። በሩን ልዘጋ ስል
«አንዴ ቆዪ» አሉኝ። ማንቂያው ጮኸ፤ ይቀጥል!
«ምስክር ነሽ» አሏት። «እንዳትቀልጪ፣ እንዳትሄጂ፤
ፋይሉ አልተዘጋም፣ ቀጠሮው በዛ እንጂ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ፣ ገጽ አራት፣ ተራ ቁጥር ስድስት፦
«ናሙና ይመለስልኝ የሚል ጥያቄ ቀርቦ፣ ጠያቂዋ ትተውታል፤ ውሳኔ የለበት።»

ማታ መብራት ሄደ።
መዳፌ በሩ ላይ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ አራት። ሃያ።
ፎቁ ላይ ወንበር ተንቋቋ፤
ክሉቴ ነው፤ ቤቱ አልሄደም፤ በጨለማ
እሱም የሆነ ነገር ይቆጥራል።
ሃያ ሁለት ላይ ሞተሩ ሳለ።
ብርዱ ዳነ።