የሊፓ መስኮት

ሐይፋ ደረጃ ናት፤ ከወደቡ ተነሥታ
ሽቅብ የምትወጣ፣ ጉልበት የምትፈታ።
መቶ ሰባት ቆጠርሁ ከአውቶቡስ ወርጄ፣
የሽማግሌውን ቁልፍ ጨብጬ በእጄ።

ሊፓ ነው ስማቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው፤
አጥንትና ሳል ነው የቀረው ከገላቸው፣
ቁጣም አለ ጥቂት፣ የልጅነታቸው።

የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ከደጅ ቆሜ፣
ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሣ፣ በደረጃው ደክሜ፣
ዓይናቸው ሄደና ግንባሬ ላይ ዋለ፦
በሰባት ዓመቴ እናቴ ያስነቀሰችኝ መስቀል አለ፣
በመርፌና በጥላሸት፣ አልለቅም ያለ።

«መስኮቱን ዝጊው» አሉኝ። ቀትር ነበረ፤
የባሕሩ ብርሃን ምንጣፉ ላይ እየተሽከረከረ።

ዘጋሁት። ለምን አላልሁም። በማግሥቱ
ሻሼን ወደ ቅንድቤ ሳብሁት፣ እስኪሰወር ምልክቱ።
ለደመወዝ ሲባል የሚሸፈን ስንቱ!

መስቀል ማለት ለእኔ
መብረቅ ሲያጓራ ያማተብሁት፣ ሳዛጋ አፌ ላይ ያማተብሁት፣
ከቄሱ እጅ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ጋር የተሳለምሁት፣
ትርጉሙን ማንም ሳይነግረኝ እንደ ስሜ የያዝሁት።

ሦስት ወር አለፈ።
ዓርብ፣ የስቅለት ለት፣ ከዋዲ ኒስናስ በኩል ከበሮ ተሰማ፣
በዐረብኛ የሚያለቅስ፣ ቀስ ያለ የሐዘን ዜማ፤
ፈቃድ አላገኘሁም፤ ጾሜን ነኝ፣ ገንዳ አጥባለሁ ከጧት እስከ ጨለማ።

ሊፓ ሳሉ። ከዚያ፣ ግድግዳውን እያዩ፦

«በእኛ መንደር እንዲህ ባለው ቀን አባቴ መብራት ያጠፋል፣
መስኮቱን በሳንቃ ይደግፋል።
እናቴ አፌን በመዳፏ ታፍናለች፣ እንዳልስል።
በጎዳናው ያልፋሉ፣ ከፊት ትልቅ መስቀል፣
ከኋላ ድንጋይ።
ስድስት ዓመቴ ነው። መስቀል ማለት ለእኔ
የመስታወት ድምፅ ነው።»

የተማርሁት ቃል ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረቀ፤
ቤዛው፣ ፍቅሩ፣ ድል መንሣቱ፣ ሁሉም ከአፌ ራቀ።
«ያ ሌላ መስቀል ነው» ልል ነበር። ሌላ አይደለም፤
እንዲህ የሚል ታጥቦ የሚለቅ ቀለም ነው፤ የእኔ ደግሞ አይለቅም።

ግን የማርያም ልጅ፣ በዚያ ምሽት፣ የት ነበረ?
ከሰልፉ ጋር እየዘመረ?
አይመስለኝም።
ከሳንቃው በስተ ውስጥ ነበረ፣
ከአልጋው ሥር፣ ከሕፃኑ አጠገብ፣
እናቱ አፉን ይዛው።

ይህን አልነገርኋቸውም። ውኃው ሞቀ።
ክንዳቸውን አንገቴ ላይ፣ ክንዴን ከጀርባቸው አድርጌ
አነሣኋቸው። አጥንት ብቻ ነው ያልሁት ሰው እንዴት ይከብዳል!
ሻሼ ተንሸራተተ። እርጥብ ጉንጫቸው
ግንባሬን ነካ፣ እዚያው ላይ።
እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፤ ማማተብ አልቻልሁም።

«ውኃው ይቀዘቅዛል» አሉ።

መስኮቱ?
ግማሹን አስከፈቱኝ።
ግማሹ እስከ ዛሬ እንደ ተዘጋ ነው።