አባ ቆርኪ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ቆጣሪ አነባለሁ፤
በየግቢው በር ላይ «መብራት ኃይል!» እላለሁ፣
ውሻ ያባርረኛል፣ ቁጥር እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ራሴ ቆጣሪ ነኝ፤
ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመስኮቱ ጥግ ነው የምገኝ።
የቼዙን ከረጢት ፈትቼ፣
ነጩን ከጥቁሩ ለይቼ፣
ሠላሳ ሁለቱን ቆጥሬ፣ ዳግመኛ ቆጥሬ፣
የወር ደመወዝ ይመስል፣ የላቤ ጥሬ ብሬ።

«ስንት ይከፍሉሃል?» አለኝ ባልደረባዬ፣
አወይቱ ድልድይ ላይ ተጠግቶ ከጥላዬ።
«ምንም» አልኩት፤ ሳቀ።
«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጠየቀ።
መልስ አልነበረኝም። ቁጥር ብቻ ነበረኝ፦
ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣
ሁለቱ የመጡት ለዝናብ መጠለያ።

ወይዘሮ ራውዳ አንድ ሕግ ብቻ ናት ያለቻት፣
«ጸጥታ»፣ በቀይ ቀለም ጽፋ ግድግዳ የሰቀለቻት።
ስለዚህ እዚህ ንጉሥ ሲከበብ ነጋሪት የለም የሚመታ፤
«ኪሽ» ነው የሚባለው፣ በሹክሹክታ፣
ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው፣ በትንፋሽ፣ በዝግታ።

በሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ጥቁር ፈረስ ጠፋ።
ወንበር ተገፋ፣ ሣጥን ተደፋ፤
የልጆቹን ኪስም (ዛሬም ያሳፍረኛል) አንድ ባንድ ፈተሽኩ፤
ከሚፍታህ ሚስማር፣ ከኢፍቱ ዘይቱን፣
ከናስሩ የባጃጅ ብሎን አወጣሁና መለስኩ።

ኢፍቱ ናት ያዳነችን። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጫማዋን ገልብጣ ታደርጋለች፤
ከሻይ ቤቱ ደጃፍ የለስላሳ ቆርኪ ለቅማ መጣች።
«ፈርዳ ነው ይሄ» ብላ ከቦታው አስቀመጠችው፤
«ስሙም አባ ቆርኪ» ብላ ሾመችው።
በዚህ አገር ድሮ ጌታ ነበር በፈረሱ ስም የሚጠራ፤
ይሄኛው ጌታም የለው፣ ጋማም የለው፣
ሃያ አንድ ጥርሱን አግጥጦ ዘለለ በተራ።

ከዚያ ሚፍታህ ሦስት ቅዳሜ ቀረ።
«ሰልችቶት ነው» አልኩ፤
የጎደለ መመዝገብ ልማዴ ነው፣ ስሙ ላይ መስመር አሰመርኩ።
በአራተኛው መጣ፣ አውራ ጣቱን በጨርቅ አስሮ፣
ከአባቱ የበርጩማ ቁራጭ፣ ከዋንዛ፣ ፈረስ ቆፍሮ።
ጆሮው አንድ ብቻ ነው፤ በሬ ይመስላል እንጂ ፈረስ አይመስልም፤
ግን እጅ ውስጥ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩ እንዲህ አይሞቅም።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ራውዳ ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ አቧራ ስትጠርግ
ዋናውን አገኘችው፣ አይጥ የቀመሰውን፣ ከግድግዳው ጥግ።

እኔም የሥርዓት ሰው፣ «እንግዲህ ቆርኪውን እንጣለው» ብል
ዘጠኝ ጥንድ ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤
ያ በቀይ የተጻፈው ጸጥታ ከረረ።

ኢፍቱ አልተከራከረችም። ሰሌዳውን ደረደረች፤
በግራ አባ ቆርኪን፣ በቀኝ ባለ አንድ ጆሮውን አቆመች፣
ሁለቱን ፕላስቲክ ፈረሶች መስኮት ላይ አስቀመጠች፣ ዝናብ እንዲያዩ።
«ነጩ ያንተ» አለች።

ንግሥቴን ላድን ስዋትት፣ በዚያኛው በኩል ሳላስተውል፣
ያ ቆርኪ ተነሣ፤
ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደ ጎን፣ ደረሰ፤
ንጉሤንና ግንቤን ባንድ አፍ ነከሰ።
«ኪሽ» አለች። ሻማ ጠፋ።
ወይዘሮ ራውዳ ብዕሯን አነሣች ልትቆጣ፤
ሳቋ ነው ቀድሞ የወጣ።

ሲመሽ፣ በር ሲዘጋ፣ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ።
ሠላሳ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት።

በሃያ ዓመት ሥራዬ አንድ ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም፤
ለአማቼ እንኳ፣ ለጎረቤቴ እንኳ፣ አንዲት አሃድ አልቀነስኩም።
ዛሬ ግን የዕቃ መዝገቡ ላይ፣ «ብዛት» ከሚለው ሥር፣
«ሠላሳ ሁለት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤
ከረጢቱን ቋጠርኩ።

ከውስጥ፣ ቆርኪው ከዋንዛው ጋር ተላትሞ፣
«ኪሽ» አለ።