ሰሜን የሌለው ካርታ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ሦስት ክሬዲት፣
«ከተማና ፆታ» ይላል ሽፋኑ፤ የቀረው ገጽ የፎቶኮፒ ጥላት።
መምህርት ትሁኔ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሳበች፤
«መንገድ ነው» አለች። ቆየችና፣ «የማን?» አለች።
ከኋላ አንዱ «የማዘጋጃ ቤት!» ብሎ አሳቀን፤
አብራን ሳቀች፣ ከሳቋ ጋር የቤት ሥራ ሰጠችን፦
ሰፈራችሁን ሳሉ፤ የወንድ እግር በሰማያዊ፣ የሴት በቀይ፤
አንዱ ወረቀት ለማታ ይሁን፣ አንዱ ለፀሐይ።

ሜትር ተውሼ ደሴን ልለካ ወጣሁ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በሱቆቹ መሐል ሲንከባለል።
የመብራት ምሰሶ ቆጠርኩ፦ ዐሥራ አራት። የሚበራ፦ ሦስት።
አንዱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ግማሽ ብዬ መዘገብኩት።

ባንቺአየሁ ኮምቦልቻ ሼድ ውስጥ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች፤
ሰርቪሱ ቧንቧ ውሃ ያወርዳታል፣ ዳገቱን ብቻዋን ትወጣለች።
«ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን አውልቄ እይዛለሁ» አለችኝ፣
ስለ ዝናብ የምታወራ ይመስል አቅልላ ነገረችኝ።
መጠይቁ ላይ «የትራንስፖርት ዓይነት» የሚል ሣጥን አለ፤
ታክሲ፣ ባጃጅ፣ እግር። ጫማ በእጅ የሚል የለም፤ ሣጥኑ ባዶውን ዋለ።

የይማም ካርታ ባንድ ምሽት አለቀ፤
ሰማያዊ እስክሪብቶውም አብሮ አለቀ።
ቀዩን አየሁበት፣ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፤
«ምን ላርገው?» አለኝ፤ «በማታ ሴቶቹ ቤት ናቸው።»

እናቴ ከሰኞ ገበያ ገባች፣ ያልተሸጠ ድንቿን አወረደች፣
ወረቀቴን አነሳች፣ ዘቅዝቃ ያዘችው፣ ሳታቃናው አየች።
መሐል ላይ ያለውን ነጭ በአፈራም ጣቷ ነካችና፣
«እዚህስ ለምን ባዶ ሆነ?» አለች። «ፕላኑ እንዲያ ይላልና፤
ክፍት ቦታ ነው።»
«እኛ ከፈትነው እንጂ፣ ሉባባ፣ መች ክፍት ነበር?
ቁልቋል ነበር፣ ጉድባ ነበር፣ የጅብ መንደር።
ከጫት ቤቱ ደጅ የተቀመጡት በዓይን ሲመትሩን፣
ባፋቸው ሲያወርዱን፣ በሳቅ ሲያሳፍሩን፣
ከሺፋ ጋር፣ ከወለተ ማርያም ጋር፣ ጆንያ በጀርባዬ፣ አንቺ በሆዴ፣
በመስጊዱ ጓሮ፣ በጊዮርጊስ አጥር ሥር፣ ረግጠን ረግጠን ሆነልኝ መንገዴ።»

ሰዓት ይዤ ሄድኩበት። በዋናው አስፋልት ሰባት ደቂቃ፤
በእናቴ በኩል ዐሥራ ዘጠኝ፣ ያውም ከሌለ ጭቃ።
ልዩነቱን መጀመሪያ «ርቀት» ብዬ ጻፍኩት።
ሰረዝኩት።
«ግብር» አልኩት፤ ደረሰኝ የሌለው፣ በየሰኞው የሚከፈል።

መምህርት ትሁኔ ካርታውን መስኮት አጠገብ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።
ከመቶ ሰማንያ አንድ። ከግርጌው፣ በቀይ፣ እንዲህ ብላ መለሰችው፦
«እጅግ ጥሩ ሥራ። ሰሜን ጠቋሚ ቀስት ግን የለውም።»
ለእናቴ ነገርኳት። ድንች መልቀሟን አላቆመችም።
«ጦሳ እዚያ ተገትሮ ሰሜን ምን ሊፈይድልሽ?
ለመሆኑ ጠፍተሽ ታውቂያለሽ?»

ባለፈው ማክሰኞ እዚያ ችካል ተተከለ፣ ነጭ ቀለም የተነከረ፣
ቆርቆሮ ላይ «ለልማት የተከለለ» የሚል ጽሑፍ የሰፈረ።
ሰኞ ሲነጋ ወርጄ አየሁ። ችካሉ እንዳለ ቆሟል፤
ከጎኑ፣ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ፣ ሣሩ ተኝቷል፤
ገና ጥቂት ነው፣ የሦስት ወይ የአራት ሴት እግር ያህል።