በሁለት ጣት መሐል

ደብረ ብርሃን ውርጩ መስታወት ላይ አድሮ፣
ቁልፉን ባዞር ባዞር፣ ሞተሩ አቀርቅሮ
እንደ ታመመ በግ ማሳል ብቻ ሆነ፣
ነጭ ጭሱ ወጥቶ ግቢውን ከደነ።
ሮቢት ላይ ሽንኩርቱ በጆንያ ታስሮ
ይጠብቀኛል፤ ስልኬም ጮኸ አምርሮ።

ጋሽ ወንድይፍራው መጣ ጋቢውን ደርቦ።
«ምን አጠጣሃት?» አለ፣ ካይሱዙዋ ቀርቦ።
መለኪያውን መዞ፣ ከጫፉ ጠብታ
በሁለት ጣት መሐል ፈትጎ ለአፍታ፣
አሸተተው ደግሞ በረጅም ዝምታ።

«ይህ ዘይት ቆለኛ፣ ብርድ አይቶ አያውቅም፤
ሌሊቱን ረግቶ ሲነጋ አይፈስም።
ብረቷ ከብረት ደረቁን ሲፋጭ ነው
አንተ ሳል ነው ያልከው፣ እኔ ዋይታ የምለው።
ያ ባለ አርባው ደግ ነው ለአፋር ሐሩር፤
አንተ ግን አዳርህ ወዲህ ነው ከጣርማ በር።
ማታ ከውርጭ ጋራ፣ ቀትር ከእሳት ጋራ፤
አሥራ አምስት ባርባ ግዛ፣ ሁለቱን የማይፈራ።»

ቀጥሎም፣ «ናፍጣውስ?»
                ዝም አልኩ።
                        አፈርኩ።

ሰልፉ ሁለት ቀን ሆኖ ማደያው ሲዘጋ
ከጫጫ ማዶ ነው፣ ሌሊት ሳይነጋጋ፣
ካንድ ልጅ ጀሪካን የቀዳሁ ተደብቄ፣
ከሌላው ሃያ ብር መርከሱን ብቻ አውቄ።

ፊልትሮዋን ፈትቶ ጠርሙስ ላይ ገለበጠ፤
ከታች ውሃ ዘቀጠ፣ ከላይ ላምባ በለጠ።
«ይህ ኩራዝ ያበራል፣» አለኝ፣ «ዳገት አይወጣም።»
ለኖዝል ሦስት ቀን ቆምኩ፤ ሃያ ብሬ አልመጣም።

የወጣውን ዘይት ቦይ ልደፋ ሳነሳ
«ተው!» አለኝ፣ «ይዘህ ውረድ፣ ለጉዳይ ነው፣ እንዳትረሳ።
ስትመለስም እለፍ፣ ድምጿን አሰማኝ።»
ገንዘቡን ስቆጥር ቀና ብሎም አላየኝ።
መንጃ ፈቃድ የለው፣ መሪ ይዞ አያውቅም፤
ያለፈችን መኪና፣ ሳያያት፣ ስሟን አይስትም።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ መስኮቴን ዝቅ አርጌ
አዳመጥኳት፣ ሬዲዮውን ዘግቼ፣ ተጠግቼ፣ አድርጌ
ጆሮዬን ወደ መሪው።
                ሳል የለም።
ጎማ ብቻ፣ ነፋስ ብቻ፤
ልስላሴዋን የነገረኝ እግሬ ነው፣ ከነዳጅ መርገጫ።

ሮቢት ስደርስ ሸዋሉል፣ የሽንኩርቱ እመቤት፣
የመጋዘኗን ግንድ ምስጥ እየበላባት፣
ያን ጥቁር ዘይት ይዛ በጨርቅ ቀባችው፤
ቆለኛ አይደል እሱ? ሐሩሩ አቀጠነው፣
እንጨቱም ጠጣው።

«ሌላስ የለህም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።
«የለኝም፣ እመቤት። ደግሞም አይኑረኝ።»